ለሬስት አገልግሎት የትኛው ሰርቨር? ቶምካት፣ ዋይልድፍላይ፣ ፓያራ እና ራሱን የቻለ ጃር ሲነጻጸሩ

የሕንፃ መሣሪያ የሚያከፋፍል አንድ ነጋዴ መጋዘኑ ኮምቦልቻ፣ ሱቁ ደግሞ ደሴ ፒያሳ ነው። የመጋዘኑ ሠራተኞች ሲሚንቶ፣ ፌሮና ቆርቆሮ ሲገባና ሲወጣ በስልካቸው ይመዘግባሉ፤ የሱቁ ሻጭም ከደንበኛ ጋር ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ባለ 12 ፌሮ ስንት ቤርጋ እንደቀረ ከዚያው መዝገብ ይጠይቃል። በስልኮቹና በዳታቤዙ መካከል ቆሞ ጥያቄ የሚቀበል፣ የሚያጣራና መልስ የሚሰጥ፣ በጃቫ የተጻፈ የሬስት ዌብ ሰርቪስ አለ። እዚህ የማነጻጽረው ይህ ሰርቪስ ተጽፎ ካለቀ በኋላ የሚመጣውን ምርጫ ነው፤ በመጋዘኑ ቢሮ ውስጥ በተቀመጠው ኮምፒውተር ላይ በየትኛው አፕሊኬሽን ሰርቨር፣ ማለትም ፕሮግራሙን አስነስቶ ጥያቄ በሚያቀብለው ሶፍትዌር፣ ይጫን?

ሰርቨሩ ለምን ክላውድ ላይ እንደማይቀመጥ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር መጋዘኑ ሥራ ማቆም የለበትም። ስልኮቹና ሰርቨሩ በአንድ ዋይፋይ ላይ እስካሉ ድረስ የውጭው መስመር ኖረም አልኖረም መኪናው ተጭኖ ይወጣል፤ ደሴ ያለው ሱቅ መስመሩ ሲመለስ የቀረውን ያያል። ይህን ከወሰንን በኋላ ግን የክላውድ አቅራቢው ይሠራልን የነበረውን ሥራ፣ ማለትም ማስነሳቱን፣ መጠበቁንና ማደሱን፣ ራሳችን እንሸከማለን። የሰርቨሩ ምርጫ ክብደት የሚያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። ደርዘን ለማይሞሉ ስልኮች መልስ ለሚሰጥ መጋዘን ከእነዚህ ሰርቨሮች ውስጥ ዘገምተኛ የሚባል ስለሌለ በፍጥነት ማወዳደሩ አይጠቅመንም። እኔ የምለያቸው በሁለት ጥያቄዎች ነው። የመጀመሪያው፣ ሰርቪሱ ከኤችቲቲፒ (ስልኩና ሰርቨሩ ከሚነጋገሩበት የዌብ ቋንቋ) እና ከዳታቤዝ ግንኙነት ውጭ ከሰርቨሩ የሚፈልገው ምንድን ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የጫነው ባለሙያ በሌለበት ቀን ኮምፒውተሩ አጠገብ ያለው ሰው ምን ማድረግ ይችላል የሚለው ሲሆን፣ ይህንን ብዙዎቻችን ችግር ከደረሰ በኋላ ስለምንጠይቀው ረዘም አድርጌ እመለስበታለሁ።

ኮንቴይነርና ሙሉ ሰርቨር

ሬስት የሚለው ስያሜ የመጣው ሮይ ፊልዲንግ በ2000 እ.ኤ.አ. ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ካቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ነው። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ነገር የራሱ አድራሻ ይኖረዋል፤ ጌት፣ ፖስት፣ ፑትና ዲሊት በሚባሉት የኤችቲቲፒ ትእዛዞች ይነበባል፣ ይጨመራል፣ ይተካል፣ ይሰረዛል፤ ሰርቨሩም ከአንዱ ጥያቄ እስከ ሌላው ስለ ጠያቂው የሚያስታውሰው ነገር የለም። ይህ የመጨረሻው ጠባይ መብራት ለሚቆራረጥበት ቦታ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ የጠፋ የግንኙነት ታሪክ ስለማይኖር ስልኩ ጥያቄውን ደግሞ መላክ ብቻ ይበቃዋል። ፖስት ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «50 ኩንታል ሲሚንቶ ወጣ» የሚል ፖስት ተመዝግቦ መልሱ ስልኩ ጋ ሳይደርስ መብራት ቢጠፋ፣ ስልኩ ሲደግመው ከመዝገቡ 100 ኩንታል ይቀነሳል። ስለዚህ የመለያ ቁጥሩን ስልኩ ራሱ ፈጥሮ ጥያቄውን በፑት ቢልከው ይሻላል፤ የትኛውም ሰርቨር ይህን ጉድለት አይሸፍንልንም።

ወደ ሰርቨሮቹ ስንመለስ፣ ቶምካትና ጄቲ የሰርቭሌት ኮንቴይነሮች ናቸው። የኤችቲቲፒ ጥያቄ ተቀብለው ለጃቫ ኮዱ ያደርሳሉ፤ ከዚያ ያለፈው ሁሉ፣ የሬስት ላይብረሪውን ጨምሮ፣ የፕሮግራመሩ ድርሻ ነው። ዋይልድፍላይ፣ ግላስፊሽ፣ ፓያራና ኦፕን ሊበርቲ ግን የጃካርታ ኢኢ ሰርቨሮች ስለሆኑ የሬስቱን መስፈርት ጃክስ-አርኤስን፣ የዳታቤዙን መስፈርት ጄፒኤን፣ የትራንዛክሽን አስተዳደርን (ብዙ ለውጦች አብረው እንዲጸኑ ወይም አብረው እንዲሻሩ ማድረግን) እና የመልእክት ወረፋን አብረው ይዘው ይመጣሉ።

ከሁሉም በፊት መጣራት ያለበት የእትም ጉዳይ አለ። ኦራክል ጃቫ ኢኢን (የእነዚህን መስፈርቶች ስብስብ) ለኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ለማስረከብ የወሰነው በ2017 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ስሙ በ2018 ጃካርታ ኢኢ ተብሎ፣ በ2020 መጨረሻ በወጣው 9ኛ እትም የኮዱ ፓኬጆች መነሻ «ጃቫክስ» ከነበረበት ወደ «ጃካርታ» ተለወጠ። ቶምካት 9 የሚያውቀው የድሮውን፣ ቶምካት 10 የሚያውቀው አዲሱን ነው። ዋይልድፍላይ 27፣ ፓያራ 6 እና ስፕሪንግ ቡት 3 (ሰርቪስ የሚጻፍበት የጃቫ ማዕቀፍ) በአዲሱ ስም የሚሠሩ ናቸው። የድሮ ኮድ አዲስ ቶምካት ላይ ሲጫን የሚፈጠረው ነገር ብዙ ጀማሪዎችን አንድ ሙሉ ቀን ያስከፍላል። ሎጉ (የሰርቨሩ የሥራ መዝገብ) ፋይሉ በትክክል ተጭኗል ይላል፣ የስሕተት መስመር አይታይም፣ ሰርቪሱ ግን በተጠራ ቁጥር 404 (አልተገኘም) ይመልሳል፤ ምክንያቱም ቶምካት 10 በኮዱ ላይ የተለጠፉትን የጃቫክስ ምልክቶች ስለማያውቃቸው የሚያስነሳው ነገር አላገኘም። አድራሻውን መላልሶ ከመፈተሽ በፊት የሁለቱን እትም ማመሳከር ይገባል። የድሮውን ኮድ መለወጥ ካልተቻለ በቶምካት 10 ፎልደር ውስጥ «ዌብአፕስ-ጃቫኢኢ» የሚባል ንዑስ ፎልደር ፈጥሮ ፋይሉን እዚያ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ቶምካት ሲያነሳው ራሱ ይለውጠዋል።

ራሱን የቻለ ጃር

ስፕሪንግ ቡት ሰርቨሩን ከሰርቪሱ ለይቶ የመጫንን ልማድ ለውጦታል። ቶምካት በጃር ፋይሉ (የጃቫ ፕሮግራም በሚታሸግበት ፋይል) ውስጥ አብሮ ስለሚታሸግ፣ ጃቫ ባለበት ኮምፒውተር ላይ በአንድ ትእዛዝ ይነሳል። የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ደሴ ቢሮዬ ውስጥ የሞከርኩትና መጋዘኑ ውስጥ የሚሠራው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፤ ከላይ የጠቀስኩት የእትም አለመግባባት ከነጭራሹ አይነሳም። አንድ ሰርቪስ ብቻ ላለው ድርጅት፣ በተለይም ጃቫን እንጂ የሰርቨር አስተዳደርን ላልተማረ ፕሮግራመር፣ ከዚህ የቀለለ አላውቅም።

ጉድለቱ የሚታየው ማደስ ሲጀመር ነው። አንድ ተራ የስፕሪንግ ቡት ጃር ላይብረሪዎቹን ሁሉ ስለሚሸከም በአሥሮች በሚቆጠር ሜጋባይት ይመዝናል፤ አንዲት መስመር ቢታረምም የሚላከው ሙሉው ፋይል ነው። ዋይልድፍላይ ላይ የሚጫን ዋር (ሰርቨር ውስጥ የሚገባ የጃቫ እሽግ) ግን ላይብረሪዎቹን ከሰርቨሩ ስለሚጠቀም የራሳችንን ኮድ ብቻ ይዞ ብዙ ጊዜ በኪሎባይት ይለካል። ፈጣን መስመር ላለው ሰው ይህ ልዩነት ትርጉም የለውም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሞባይል ዳታ እርማት ለሚልክ፣ መስመሩም መሃል ላይ እየተቆረጠ ከመጀመሪያው ለሚጀምር ሰው ግን በደቂቃ የሚያልቀውን ሥራ ግማሽ ቀን ያደርገዋል። ሌላው ነገር፣ ሦስት ሰርቪስ ማለት ሦስት የጃቫ ሂደት ማለት ስለሆነ እያንዳንዱ የራሱን ራም ይወስዳል።

ቶምካት

ቶምካት በ1999 እ.ኤ.አ. ሰን ማይክሮሲስተምስ ለአፓቺ ካስረከበው ኮድ የተነሳ፣ ዕድሜ የጠገበ ሰርቨር ነው። ማውረጃው ከአሥር ሜጋባይት ብዙም አይዘልም፤ ተፈትቶ ሲቀመጥ «ዌብአፕስ» የሚባል ፎልደር ይገኛል፤ ዋር ፋይሉን እዚያ መገልበጥ ብቻ ይበቃል። የፋይሉ ስም አድራሻ ይሆናል፦ «ክምችት» የሚል ስም ያለው ዋር በፖርት 8080 (ሰርቨሩ በሚያዳምጥበት የበር ቁጥር) ሥር «ክምችት» በሚል መንገድ ይጠራል፤ «ሩት» ተብሎ ከተሰየመ ያለ ምንም ቅጥያ ይጠራል። ይህን አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል፤ ፋይሉን በእትም ቁጥሩ ሰይሞ የጫነ ሰው በሚቀጥለው እድሳት አድራሻው ተለውጦበት ስልኮቹ ሁሉ ሲጠፉበት አይቻለሁ።

የእትም ቁጥር መያዝ ለሚፈልግ ቶምካት ራሱ ያዘጋጀው መንገድ አለ። በፋይሉ ስም መጨረሻ ሁለት የመሰላል ምልክት ተደርጎ ቁጥሩ ቢጻፍ፣ አሮጌውና አዲሱ እትም በአንድ አድራሻ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አዲስ የሚመጣው ጥያቄ ወደ አዲሱ ይሄዳል፤ አሮጌው በእጁ ያለውን ይጨርሳል። ሰርቪሱ ሥራ ላይ እያለ፣ መኪና እየተጫነ፣ ማንንም ሳናቋርጥ ማደስ የምንችለው በዚህ ነው። ለሬስት ደግሞ በተለይ የተስማማ ነው፤ ሰርቨሩ ስለ ጠያቂው የሚያስታውሰው ነገር ስለሌለ ከአሮጌው ጋር ተጣብቆ የሚቀር ደንበኛ አይኖርም።

ፋይሉን በኔትወርክ የሚገለብጥ ሰው ደግሞ በቀጥታ ወደ «ዌብአፕስ» ባይገለብጥ እመክራለሁ። ቶምካት ፎልደሩን በየጊዜው ስለሚቃኝ ገና በመገልበጥ ላይ ያለን ፋይል ጀምሮ ሊፈታ ይችላል። በመጀመሪያ በዚያው ዲስክ ላይ ወዳለ ሌላ ፎልደር ገልብጦ፣ ሲያልቅ ማዛወር ይሻላል።

ቶምካት የሬስት ላይብረሪ የለውም ብያለሁ፤ ጀርዚን ወይም ሬስትኢዚን በዋሩ ውስጥ ማሸግ ወይም በስፕሪንግ መጻፍ ያስፈልጋል። ደኅንነትን በተመለከተ የማስተዳደሪያ ገጹ ተጠቃሚ ሳይፈጠርለት አይከፈትም፤ በቅርብ እትሞችም ከራሱ ኮምፒውተር ውጭ ለሚመጣ ዝግ ነው፤ እንዲያ ሆኖ ቢቆይ መልካም ነው። ከድሮ ላፕቶፕ የተገለበጠ ቶምካት ግን መጫን የለበትም። በ2020 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ጎስትካት የተባለው ቀዳዳ በፖርት 8009 በኩል ፋይል ያስነብብ ነበር፤ ከ9.0.31 ጀምሮ ያ ፖርት ካልተፈለገ በስተቀር ዝግ ነው።

ዋይልድፍላይ

የቀድሞው ጄቦስ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋይልድፍላይ ተብሏል። ሰርቪሱ ከአንድ በላይ ዳታቤዝ በአንድ ትራንዛክሽን የሚነካ ከሆነ፣ ወይም መልእክት በወረፋ አስቀምጦ ኋላ የሚያደርስ ከሆነ፣ ምርጫዬ ይህ ነው። በዚያው የሕንፃ መሣሪያ ምሳሌ ብንሄድ፣ ከመጋዘኑ ዕቃ ሲወጣ የሂሳብ ክፍሉ ዳታቤዝ ላይም ዕዳ መመዝገብ ቢኖርበት፣ አንዱ ተሳክቶ ሌላው ቢከሽፍ ዕቃው ወጥቶ ዕዳው ሳይመዘገብ ይቀራል። ሁለቱን አብረው እንዲጸኑ ወይም አብረው እንዲሻሩ ማድረግ የትራንዛክሽን አስተዳዳሪው ሥራ ነው፤ ዋይልድፍላይ ይህን ይዞ ይመጣል፤ ቶምካት ላይ ራሳችን አምጥተን መግጠም ይኖርብናል።

አንድ የምወደው ነገር አለው። ዋሩ «ዲፕሎይመንትስ» ወደሚባለው ፎልደር ሲገለበጥ፣ ሰርቨሩ ከጎኑ በዚያው ስም ትንሽ ፋይል ይፈጥራል፤ መጨረሻው «ዲፕሎይድ» ከሆነ ተሳክቷል፣ «ፌይልድ» ከሆነ አልተሳካም፤ የከሸፈበት ምክንያትም በዚያችው ፋይል ውስጥ ተጽፏል። ረጅም ሎግ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ፎልደሩን ከፍቶ በስልክ ሊነግረኝ ይችላል። ሰርቪሱን ለማውረድም ያችኑ «ዲፕሎይድ» ፋይል መሰረዝ ይበቃል።

በአንጻሩ መጀመሪያ የጫነው ሰው የሚገረምበት ጠባይ አለው። በኮምፒውተሩ ላይ ሲከፈት ይሠራል፤ ከስልክ ሲጠራ መልስ የለም። ዋይልድፍላይ ካልተነገረው በስተቀር የሚያዳምጠው 127.0.0.1ን፣ ማለትም ከራሱ ኮምፒውተር የሚመጣን ጥሪ፣ ብቻ ነው፤ ከመጋዘኑ ዋይፋይ እንዲጠራ ሲነሳ ቢ በሚለው ምርጫ 0.0.0.0 ወይም የኮምፒውተሩ አድራሻ ሊሰጠው ይገባል። ኦፕን ሊበርቲም እንዲሁ ነው። ቶምካትና ስፕሪንግ ቡት ከመነሻቸው ለሁሉም ክፍት ናቸው። ለጀማሪ የዋይልድፍላይ ጠባይ ቢያደክምም ትክክለኛው እሱ ይመስለኛል። የማስተዳደሪያው ፖርት 9990 ግን መቼም ለመጋዘኑ ዋይፋይ መከፈት የለበትም፤ ከሩቅ መግባት የሚፈልግ በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ የርቀት መግቢያ) ገብቶ ከዚያ ይጥራው።

ማውረጃው ከቶምካት ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በየሦስት ወሩ ገደማ የሚወጣውን እትም በየጊዜው ማውረድ ሸክም ነው። የዳታቤዝ ግንኙነቱ የሚዋቀረውም በሰርቨሩ በኩል፣ በራሱ የትእዛዝ መስመር ነው። አንዴ ከተለመደ ንጹሕ አሠራር ነው፤ የተለማመደው ሰው ሲሄድ ግን የሚተካው ከባዶ ይጀምራል። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተምረው ከወጡና ከማገኛቸው ወጣቶች ስፕሪንግ ቡትን ወይም ቶምካትን ያልነካ እምብዛም አላየሁም፤ ዋይልድፍላይን የሚያውቅ ግን መፈለግ ነበረብኝ።

ፓያራ፣ ግላስፊሽና ሌሎቹ

ኦራክል በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለግላስፊሽ የንግድ ድጋፍ እንደማይቀጥል ካስታወቀ በኋላ ፓያራ ከግላስፊሽ ኮድ ተነስቶ በ2014 ብቅ አለ። ግላስፊሽም በኤክሊፕስ ሥር ሆኖ ቀጥሏል። የሁለቱ አያያዝ ተመሳሳይ ስለሆነ አንዱን የሚያውቅ ሌላውን ያውቃል። ሰርቪሱ በ8080 ይሠራል፣ ማስተዳደሪያው በ4848 ይከፈታል። ከዋይልድፍላይ ይልቅ የሚመቹት በመዳፊት መሥራት ለሚወድ ሰው ነው፤ የዳታቤዙን መዋኛ (ፑል፣ ተከፍተው የሚጠብቁ ግንኙነቶች ስብስብ) በገጹ ላይ ሞልቶ «ፒንግ» የሚለውን በመጫን ግንኙነቱ መሥራት አለመሥራቱን ዋሩ ሳይጫን ማወቅ ይቻላል። የይለፍ ቃል ስሕተት ይሁን የኮድ ስሕተት የምንለይበት ይህች አንዲት ቁልፍ ብዙ ሰዓት ታድናለች። ትራንዛክሽን ለሚፈልግ፣ ነገር ግን የትእዛዝ መስመር ለሚከብደው ቢሮ ፓያራን አስቀድማለሁ።

ጄቲ ቀላልና ጥሩ ኮንቴይነር ነው፤ ቶምካትን ትቶ እሱን ለመምረጥ ግን እኛ ባለንበት ሁኔታ ምክንያት አላገኘሁም። ኦፕን ሊበርቲ አይቢኤም በ2017 እ.ኤ.አ. ኮዱን የከፈተው ሰርቨር ሲሆን የሚፈለጉትን ክፍሎች ብቻ መርጦ ማስነሳት ያስችላል። መነሻ ፖርቱ 9080 ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይጋጭም። ሌሎቹ ሁሉ 8080ን ስለሚሹ ሁለቱን በአንድ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ሰው የአንዱን ፖርት መለወጥ አለበት።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። አንድ የክረምት ማለዳ፣ ደሴ ጭጋግ ለብሳ እያለች፣ የመጋዘኑ ኃላፊ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ መብራቱ ከመጣ ሰዓት አለፈው። ስልኩ ግን አሁንም አልተገናኘም ይላል፤ መኪናው ተጭኖ ቆሟል» አሉኝ። «አብሽሩ ጋሼ፣ እየወረድኩ ነው» ብዬ ተነሳሁ። በሐረጎ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርጄ ስደርስ ኮምፒውተሩ በርቷል፣ ዳታቤዙ ተነስቷል፣ ራውተሩ ይሠራል። የቆመው ቶምካት ብቻ ነበር። ስጭነው በእጄ አስነስቼው ስለነበር መብራት ሲመለስ የሚያስነሳው አልነበረም። አንዲት ትእዛዝ ጻፍኩ፤ ሥራው አለቀ። ኃላፊው መኪናው እንዲንቀሳቀስ ምልክት ሰጥተው ወደ እኔ ዞር አሉና «እንግዲህ አንተ ካልመጣህ አይነሳም ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከዚያ ቀን በኋላ የትኛውንም ሰርቨር የምመዝነው በዚህ ጥያቄ ነው።

ሊኑክስ ላይ መልሱ ሲስተምዲ፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው ክፍል፣ ነው። በኡቡንቱ ወይም በዴቢያን የራሳቸው ማከማቻ በኩል የተጫነ ቶምካት በሲስተምዲ ተመዝግቦ ስለሚመጣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፤ እኔ እንዳደረግሁት ከታሸገ ፋይል ተፈትቶ የተቀመጠ ግን አይመዘገብም። በዊንዶውስም የቶምካት መጫኛው እንደ አገልግሎት ያስመዘግበዋል። ዋይልድፍላይ የሲስተምዲ ናሙና ፋይል በራሱ ፎልደር ውስጥ ይዟል። ፓያራና ግላስፊሽ «ክሪየት-ሰርቪስ» የሚል ትእዛዝ አላቸው። ለጃሩ አሥር መስመር የማይሞላ ፋይል ራሳችን እንጽፋለን። በባዮሱ ውስጥም ኤሌክትሪክ ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲበራ የሚያደርገው ምርጫ መስተካከል አለበት፤ ይህ ከተረሳ የቀረው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ከመነሳት ቀጥሎ የመነሳት ቅደም ተከተል ይመጣል፤ ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየውም እዚህ ነው። ጄፒኤ የሚጠቀም የስፕሪንግ ቡት ጃር ሲነሳ ዳታቤዙን ካላገኘ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን አቋርጦ ይወጣል። ስለዚህ በሲስተምዲው ፋይል ውስጥ ከዳታቤዙ በኋላ እንዲነሳና ቢወድቅም ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ደግሞ እንዲሞክር መታዘዝ አለበት። ይህ ሲደረግ ጃሩ ከሁሉም አስተማማኝ ይሆናል፤ ወይ ሙሉ በሙሉ ይሠራል ወይ ደግሞ ይሞክራል። ቶምካት ላይ ግን ያንኑ ሰርቪስ በዋር ብንጭነው ሰርቪሱ ሲከሽፍ ቶምካት ራሱ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ሲስተምዲ «ይሠራል» ይላል፣ ስልኮቹ 404 ያያሉ፣ ዳግም የሚያስነሳውም የለም። በዋር የሚጭን ሰው ይህን አውቆ ቶምካት ዳታቤዙ ከተነሳ በኋላ እንዲነሳ ማዘዝ፣ ወይም የዳታቤዙ ግንኙነት በመጀመሪያው ጥያቄ እንዲፈጠር አድርጎ መጻፍ ይኖርበታል።

ዳታቤዙ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከሆነና የጠፋው የዚያኛው ብቻ ከሆነ ደግሞ መዋኛው ውስጥ የሞቱ ግንኙነቶች ይቀራሉ። የቶምካት መዋኛ እያንዳንዱን ግንኙነት ከመስጠቱ በፊት መኖሩን ከመነሻው ይፈትሻል። ዋይልድፍላይ ላይ ይህን ፍተሻ ራሳችን ማዘዝ አለብን፤ ካልታዘዘ ዳታቤዙ ከተመለሰ በኋላም የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች በ500 (የሰርቨር ስሕተት) ይመለሳሉ።

ራም እና የግዕዝ ፊደል

መጋዘን ውስጥ የሚቀመጠው ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ ከቢሮ የተረፈ፣ 4 ወይም 8 ጊጋባይት ራም ያለው ነው። ጃቫ ገደብ ካልተሰጠው የራሙን አንድ አራተኛ ድረስ ለሂፕ (ፕሮግራሙ ለሚሠራበት የማስታወሻ ክፍል) ይወስዳል። ዋይልድፍላይና ግላስፊሽ በመነሻ ፋይላቸው 512 ሜጋባይት ጣሪያ ተጽፎላቸው ይመጣሉ፤ ለእንዲህ ያለ ሰርቪስ በቂ ነው። ቶምካትና ጃሩ ግን ጣሪያ ስለሌላቸው ዳታቤዙ በአንድ ኮምፒውተር አብሯቸው ካለ ኤክስኤምኤክስ የሚባለውን ገደብ መስጠት ያስፈልጋል። ለመጋዘኑ 512 ሰጥቼ እስካሁን አላነሰም።

የፊደል ጉዳይ ከሰርቨሩ ይልቅ የጃቫው እትም ነው፤ ሆኖም በእኛ ቋንቋ የሚጻፍ ሰርቪስ ሁሉ ስለሚነካው አልዘለውም። አንድ ቀን «ሲሚንቶ» ተብሎ የተመዘገበው ዕቃ አራት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ተመለሰ። ኮዱ ደሴ ላይ በሊኑክስ ሲሞከር ምንም አልነበረበትም፤ የተጫነው ግን ጃቫ 8 ባለው የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ከጃቫ 18 በፊት ያሉት እትሞች ፊደል ሲለውጡ፣ ዓይነቱ ካልተነገራቸው፣ የኮምፒውተሩን ነባር አጻጻፍ ይወስዳሉ፤ የዊንዶውሱ ደግሞ ግዕዝን አያውቅም። በጃቫ 18 ዩቲኤፍ-8 መነሻ ሆኗል። በድሮው ላይ ለሚቆይ ሰው ሰርቨሩ ሲነሳ የፋይል አጻጻፉ ዩቲኤፍ-8 እንዲሆን ማዘዝ ይበቃል። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ «ሲሚንቶ» 12 ባይት ነው፤ የዓምድ ስፋትን በባይት በሚቆጥር ዳታቤዝ ላይ የዕቃ ስም መሃሉ እንዳይቆረጥ ወይም እንዳይከለከል ይህን ታሳቢ ማድረግ ይገባል።

ለማን የትኛው?

አንድ ሱቅ ወይም መጋዘን፣ አንድ ሰርቪስ፣ አንድ ዳታቤዝ፣ ቋሚ ባለሙያ የለም፤ እንዲህ ከሆነ በሲስተምዲ የተመዘገበ የስፕሪንግ ቡት ጃር። ሁለትና ከዚያ በላይ ትናንሽ ሰርቪሶች በአንድ አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ ካሉ፣ ወይም ሥራ ሳይቋረጥ በቀን መሃል ማደስ ካስፈለገ፣ ቶምካት። ሁለት ዳታቤዝ በአንድ ትራንዛክሽን መንካት ወይም የመልእክት ወረፋ ካለ፣ ለምሳሌ ምርትን፣ ሚዛንንና ሂሳብን በሚያገናኝ ፋብሪካ ውስጥ፣ ዋይልድፍላይ፤ አስተዳዳሪው በገጽ መሥራት ከመረጠ ፓያራ። ፋብሪካው የራሱ የአይቲ ክፍል ከሌለው ግን ሙሉ ሰርቨር ከመትከሉ በፊት ሁለቱን ዳታቤዞች አንድ ማድረግ ይቻል እንደሆነ እንዲያስብበት እመክራለሁ፤ ይህ ከተቻለ የሙሉ ሰርቨር አስፈላጊነት ብዙ ጊዜ ይቀራል።

አንዱን ይዞ ወደ ሌላው መዛወር የሚከብደው በኮዱ ሳይሆን በአድራሻው ነው። ጃሩ ላይ ሰርቪሱ የሚጠራው ከፖርቱ ቀጥሎ ያለ ምንም ቅጥያ ነው፤ ቶምካትና ዋይልድፍላይ የፋይሉን ስም ይጨምራሉ። ስለዚህ የስልኩ መተግበሪያ ሲጻፍ የሰርቨሩ አድራሻ በማስተካከያ ገጹ ላይ የሚሞላ እንጂ በኮዱ ውስጥ የተቀበረ አይሁን፤ በራውተሩም ላይ ለኮምፒውተሩ የማይለወጥ አድራሻ ይሰጠው።

የኮምቦልቻውን መጋዘን በመጨረሻ ወደ ጃር አዛውሬዋለሁ። ባስረከብኩበት ቀን ኃላፊው ራሳቸው የማከፋፈያውን ማብሪያ እንዲያጠፉት ጠየቅኋቸው፤ ዩፒኤሱንም ነቀልነው። አምስት ደቂቃ ቆይተው መለሱት፤ ማንም ኮምፒውተሩን አልነካም። ስልካቸውን ይዘው ቆርቆሮው ክምር አጠገብ ቆሙ፤ ሁለት ጊዜ «አልተገናኘም» አላቸው፤ በሦስተኛው የባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ ብዛት ወጣ። ደብተራቸውን ገልጠው ከቁጥሩ ጋር አመሳከሩና ርክክቡን ፈረሙልኝ።